ጊዜያዊ ጥርስ ነው ብላ ላልናቀችው ሐኪም፣ ከሐይቅ ከተማ ምስጋና

ደሴ ላይ የጥርስ ሐኪም የምትፈልጉ ይህን ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ።

እናቴ የላይኛው የፊት ጥርሷ ጥር ላይ ተነቀለ። ግራና ቀኝ ያሉት ጥርሶቿ ተሞርደው ብሪጅ (በእነሱ ላይ ተደግፎ ክፍተቱን የሚሞላ ቋሚ ጥርስ) እንዲሠራላት ተወሰነ፤ ድዷ እስኪድን ግን ሦስት ወር ያህል በጊዜያዊ ጥርስ መቆየት ነበረባት። የመጀመሪያውን ሌላ ቦታ አሠራን። ዱቄትና ፈሳሹ ተቦክቶ እዚያው አፏ ውስጥ የሚደርቅ አክሪሊክ የሚባል ፕላስቲክ ነው። ሲደርቅ ይሞቃል፣ ሽታውም ይሰነፍጣል። «አቃጠለኝ» እያለች እንባዋ ሲወርድ እጇን ይዤ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት እንጀራ ስትበላ ለሁለት ተሰበረ። ከዚያ ወዲያ ሻሿን አፏ ላይ ሳትስብ ሰው አታነጋግርም፤ ጎረቤት ቡና ሲጠራት እንኳ ትቀር ጀመር።

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ያገኘናት ሐኪም ነጭ ወረቀት ዘርግታ አራት ዓይነት ጊዜያዊ ጥርስ ደረደረችልንና እናቴ በእጇ እንድትነካቸው ሰጠቻት። በእጅ የሚቦካው ርካሽ ነው፣ ሲሰበርም ቶሎ ይጠገናል፤ ነገር ግን ሲደርቅ ስለሚኮማተር ጠርዙ ክፍተት ይተዋል፣ የአየር ቀዳዳም ይይዛል። እንደ ሽጉጥ በሚጨመቅ መሣሪያ ራሱ ተዋህዶ የሚወጣው ቢስ አክሪል ሙቀቱም መኮማተሩም ያንሳል፣ ለጥቂት ሳምንት ጥሩ ነው፣ ግን ረዘም ላለ ብሪጅ ተሰባሪ ነው። በስሪዲ ፕሪንተር የሚሠራው በብርሃን እየጠነከረ ንብርብር በንብርብር ይወጣል፤ በአልኮል ታጥቦ እንደገና በብርሃን በደንብ ካልጠነከረ ግን አይታመንም። አራተኛው ፋብሪካ ውስጥ በሙቀትና በግፊት ከጠነከረ አክሪሊክ በኮምፒውተር በሚመራ ማሽን የሚቀረጽ ነው። መኮማተሩን እዚያው ስለጨረሰ አፍ ውስጥ የሚሞቅም የሚሸትም ነገር የለውም።

«ለአንድ ጥርስ፣ ለሁለት ሳምንት ቢሆን የዚህን የአራተኛውን ወጪ አላስወጣችሁም ነበር፤ ለእናትሽ ግን ሦስት ወር መቆየት አለበት» አለችን። ልኬቱ አዲስ አበባ ተልኮ እስኪመጣ፣ ባዶ አፏን እንዳትሄድ በዚያው ቀን ቢስ አክሪሉን ሠራችላት፤ ለእሱም አላስከፈለችንም።

የተቀረጸው ሲመጣ ቀለም የሚለቅ ሰማያዊ ወረቀት እያስነከሰች፣ ቀለሙ የበዛበትን ነጥብ በጥቂት በጥቂቱ ሞረደች። ሰባት ጊዜ ቆጥሬያለሁ። እናቴም «ልጄ፣ የፊተኛው ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይለኝ ነበር፣ ይኼኛው ለምን አይሸትም?» አለቻት። ሐኪሟ ሥራዋን አቁማ፣ ወንበሯን አስጠግታ መለሰችላት፦ ጊዜያዊ ጥርስ በሚለጠፍባቸው በብዙዎቹ ማጣበቂያዎች (ሲሚንቶዎች) ውስጥ ከቅርንፉድ ዘይት የሚገኘው ዩጂኖል አለ፤ ቋሚው ጥርስ የሚጣበቅበትን ሬዚን በደንብ እንዳይጠነክር ሊያደርግ ስለሚችል ዩጂኖል የሌለበትን መርጣለች። የእናትን ጥያቄ እንዲህ አክብሮ የሚመልስ ባለሙያ ስንቱ ነው?

ጥርሱ ሦስቱን ወር ሳይሰነጠቅ ቆየ። ለአረፋ ቋሚው ገብቶላት፣ ሻሿ ትከሻዋ ላይ ወርዶ፣ እንግዶቿን እየሳቀች ቡና ስታጠጣ አየሁ። «አላህ እጇን ይባርክላት በይልኝ» ብላለች፤ ይኸው ብያለሁ።

ስሟን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለለመነችኝ አልጻፍኩም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ አድራሻዋን እሰጣለሁ። ከሐይቅም ከኮምቦልቻም የምትሄዱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ድረሱ፤ ለአንዱ ሰው ብዙ ጊዜ ስለምትሰጥ ወረፋው ይረዝማል።