አክሰስ ወይስ ሊብሬኦፊስ ቤዝ? ሁለት ዳታቤዝ ጎን ለጎን ለሚከፍት ቢሮ

ከሜክሲኮ እስከ ፒያሳ ባሉ ሱቆችና ትንንሽ ቢሮዎች የሚደጋገም ጥያቄ አለ፦ «የስቶኩን ፋይል ከፍቼ የሽያጩን ስከፍት የመጀመሪያው ይዘጋል፤ ሌላ ፕሮግራም ልግዛ?» አይግዙ። አንድ የአክሰስ (የማይክሮሶፍት የዳታቤዝ ፕሮግራም) መስኮት የሚይዘው አንድ ዳታቤዝ ብቻ ስለሆነ፣ ከውስጥ «ኦፕን» ሲሉት የያዘውን ዘግቶ ነው ሌላውን የሚከፍተው። ሁለተኛውን ከፎልደሩ ደብል ክሊክ ያድርጉት፤ በራሱ መስኮት ይመጣል። ሁለቱ ሁልጊዜ አብረው የሚሠሩ ከሆነ በ«ኤክስተርናል ዳታ» ገብተው የአንዱን ቴብሎች (ዳታው የተቀመጠባቸውን ሠንጠረዦች) ሌላው ውስጥ ሊንክ ያድርጉ። ኢምፖርት ካደረጉ ግን የሚመጣው ቅጂ ነው፤ እዚህ የተሸጠው ዕቃ እዚያ አይቀነስም።

«ተጨማሪ ዳታቤዝ መክፈት አይቻልም» የሚለው ስህተት 3048 ሲመጣ ብዙ ሰው ራም ይገዛል። ገንዘብ ማባከን ነው። ብዙ ጊዜ የሚያመጣው በአንዴ የተከፈቱ ፎርሞች (የመመዝገቢያ ቅጾች)፣ ኮምቦ ቦክሶችና (ተቆልቋይ ዝርዝሮች) ሊንክ የሆኑ ቴብሎች መብዛት ነው፤ መጀመሪያ የማያስፈልገውን ፎርም ይዝጉ።

ሊብሬኦፊስ ቤዝ ነጻ ነው፣ ብዙ ፋይልም ይከፍታል። ግን መስኮቶቹ ሁሉ በአንድ ፕሮግራም ሥር ናቸው፤ አንዱ ስታክ ካደረገ ሌሎቹም አብረው ይቆማሉ። ውስጡ የሚመዘገበው ዳታ ፋይሉ ሴቭ እስኪደረግ ድረስ አስተማማኝ ስላልሆነ፣ መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ያለ ዩፒኤስ አይመከርም። በሼር ፎልደር ላይ ሁለተኛው ሰው ሲከፍተው ደግሞ ማንበብ ብቻ ነው የሚችለው። ለአንድ ሰው፣ በአንድ ላፕቶፕ፣ ይበቃል።

ዋጋው ላይ እንምጣ። አክሰስ ያለበት ማይክሮሶፍት 365 ቢዝነስ ስታንዳርድ እ.ኤ.አ. በ2024 በዓመት ውል ለአንድ ሰው በወር 12.50 ዶላር ነበር። ለሦስት ሰው በዓመት 450 ዶላር ይሆናል። ዶላር 57 ብር ሳለ ይህ 26 ሺህ ብር አይሞላም ነበር፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በኋላ ግን ብሩ በመዳከሙ ከ45 ሺህ በላይ ሆኗል። ሦስት መግዛት አያስፈልግም። ፎርሙን ለሚሠራው ሰው ብቻ ሙሉውን ገዝተው፣ ለመዝጋቢዎቹ ነጻውን አክሰስ ራንታይም (የተሠራውን ዳታቤዝ ከፍቶ ለመመዝገብ ብቻ የሚያገለግለውን) ይጫኑ፤ በዚያ ዋጋ ወጪው በዓመት 150 ዶላር ላይ ይቆማል። ራንታይሙና እዚያው ኮምፒውተር ላይ ያለው ኦፊስ ሁለቱም 32 ቢት ወይም ሁለቱም 64 ቢት መሆን አለባቸው። «ሆም ኤንድ ቢዝነስ» የሚባለው ኦፊስ አክሰስ የለውም፤ ሳይከፍሉ ይጠይቁ።

በርካሽ የሚጫነው ክራክ ኦፊስ ብዙ ጊዜ አሮጌው ሳይወጣ ላዩ ላይ ይጫናል። ያኔ በሁለቱ ቨርዥኖች መካከል በተቀያየሩ ቁጥር «ኮንፊገሪንግ» የሚል መስኮት እየመጣ ያስጠብቃል። ኮንትሮል ፓናል ገብተው ሁለት ኦፊስ ካገኙ አንዱን ያውጡ።

ብዙ ሰው የሚሠራበት የአክሰስ ፋይል ለአንዱ ሲከፈት ለሌላው እምቢ ካለ፣ በ«ክላየንት ሴቲንግስ» የመክፈቻው ዓይነት «ሼርድ» መሆኑን ይዩ፤ ከዚያ ሁሉም ሠራተኛ ፎልደሩ ላይ የመጻፍና የመሰረዝ ፈቃድ ይኑረው፤ አለበለዚያ አክሰስ የመቆለፊያ ፋይሉን መፍጠር አይችልም። ኮምፒውተሮቹንም በኬብል ያገናኙ፤ ዋይፋዩ በምዝገባ መሃል ከተቋረጠ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል።