«ጨረታው የእናንተ ነው» ለሚላችሁ ሰው ብር እንዳትሰጡ

በማኅበር ተደራጅታችሁ ሼድ ውስጥ የምትሠሩ፣ ለወረዳና ለክፍለ ከተማ ዕቃ የምታቀርቡ፣ እባካችሁ ይህን ሳታነቡ አትለፉ። እኛ 10 ሺህ ብር ተበልተናል።

አምስት ሴቶች ነን፤ ልብስ እንሰፋለን። ሐምሌ ላይ አንድ ሰው ሼዳችን ድረስ መጣ። ሸሚዙን ተኩሷል፣ ፋይል በብብቱ ይዟል። ወሬው ግማሹ እውነት ነበር፤ የተታለልነውም በእሱ ነው። የወረዳው ምክር ቤት የዓመቱን በጀት አጽድቋል አለን። እውነት ነው፣ አጽድቋል። ለጥበቃና ለጽዳት ሠራተኞች የደንብ ልብስ ይገዛል አለን። ይገዛል፣ በየዓመቱ ይገዛል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገና «ውስጥ ሰው አለኝ እህቴ። በ25 ሺህ ብር ጨረታው የእናንተ ነው። ለጊዜው 10 ሺህ ይበቃል» አለኝ።

ተመካክረን ሰጠነው።

እሱም የጨረታ ሰነድ ነው ብሎ ወረቀት ሰጠን። ማኅተሙ እንደ ወረቀቱ ጽሑፍ ጥቁር ነው፤ ፎቶኮፒ መሆኑ ነበር። እኛ ግን ዓይናችን ያረፈው «ጥቁር ሰማያዊ ካኪ» የሚለው ላይ ነው። ቀድመን እንድረስ ብለን ከመርካቶ ሁለት ጣቃ በዱቤ አመጣን።

ዋናው ማስታወቂያ የወጣው መስከረም መጨረሻ ላይ ነው። ወረዳው ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ማንም ያነበዋል። ሰነዱን ከፋይናንስ ክፍል በ200 ብር ገዛሁ፣ የገቢ ደረሰኝም ተቆረጠልኝ። እዚያው ኮሪደር ላይ ቆሜ ገለጥኩት። የደንብ ልብሱ ቀለም ቡኒ ነው! ሁለቱ ጣቃ እስከ ዛሬ ከስፌት መኪናው ጀርባ ተደግፈው ቆመዋል። የዱቤው ቀን ግን አልቆመም።

ያኔ ብናውቀው ኖሮ የምለውን ልንገራችሁ። በጀት ጸደቀ ማለት ጨረታ ወጣ ማለት አይደለም። በጀቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው። ከዚያ በኋላ የግዥ ዕቅድ ይወጣል፣ የዕቃው ዝርዝር መግለጫ ይዘጋጃል፣ ማስታወቂያው የሚመጣው ቀጥሎ ነው። ስለዚህ ምክር ቤቱ በጀት ባጸደቀ ማግስት ሰነድ ይዞ የሚመጣ ሰው ሲገጥማችሁ፣ ቢሮው ሄዳችሁ ሳትጠይቁ እጃችሁን ወደ ኪስ አትስደዱ። እኔ የሄድኩት ከከፈልኩ በኋላ ነው።

ሌላው የጨረታ ማስከበሪያው ነው፤ ተጫራች ለዋስትና የሚያስይዘው ገንዘብ ማለት ነው። በሲፒኦ፣ ማለትም ባንክ አረጋግጦ በሚሰጠው የክፍያ ማዘዣ ሲሆን፣ የሚሠራው በመሥሪያ ቤቱ ስም ነው፤ በግለሰብ አካውንት አስገቡ ከተባላችሁ ሌብነት ነው። ደግሞ እንደኛ ለተደራጀ ማኅበር ብዙ ጊዜ ካደራጀው አካል የዋስትና ደብዳቤ ይበቃል። ማስታወቂያው ላይ ስለሚጻፍ እስከ ታች አንብቡት። ይህን ያህል ቀላል ነገር ሳናውቅ ስንት ጨረታ እንዳለፈን ሳስበው ያቃጥለኛል።

አንድ ነገር ግን ደብቄ ማለፍ አልፈልግም። እኛ ልንገዛ የነበረው መረጃ አይደለም፤ ልንሰጥ የነበረው ጉቦ ነው። ሰውየው እውነተኛ ቢሆንና ነገሩ ቢሳካ ኖሮ የከፋ ነበር። የተደረሰበት ተጫራች ከጨረታው ይባረራል፣ ከመንግሥት ግዥም ሊታገድ ይችላል፣ ክስም አለው። የአምስት ቤተሰብ እንጀራ ያለው በዚያች የንግድ ፈቃዳችን ላይ ነው።

በመጨረሻ በራሳችን ገባን። ኤንቨሎፓችንን አሽገን ሳጥኑ ውስጥ ከተትን፣ በመክፈቻው ቀን ተገኘን። ኤንቨሎፖቹ ሁላችንም እያየን ተከፈቱ፣ ዋጋው ጮክ ተብሎ ተነበበ። በዋጋ ተበለጥን። ቢሆንም ማን በስንት እንዳሸነፈን በጆሯችን ሰምተን ወጣን፤ ለሚቀጥለው የት ጋ እንደምንቀንስ አሁን እናውቃለን።

ሰውየው አልቆመም። ባለፈው ሳምንት ከእኛ ሦስተኛው ሼድ፣ እንጨት ሥራዎቹ ጋ ገብቶ ነበር። ወረቀቱን አሳዩኝ። ያው ጥቁር ማኅተም ነው፤ «የደንብ ልብስ» የሚለው ብቻ «ጠረጴዛና ወንበር» ሆኗል። ገና አልከፈሉትም ነበር።