የፕሮጀክታችንን የመገናኛ ሰነድ ላደሰችልን ባለሙያ ምስጋና፣ ለሌሎችም ጥቆማ

ኮዱ ለሁሉም ክፍት በሆነው በኦፕን ሶርስ ሶፍትዌር ዓለም ምስጋና ቶሎ የሚደርሰው ኮድ ለጻፈ ሰው ነው። አዲስ አገልግሎት የጨመረ ይወደሳል፤ ሁሉንም ያስቸገረ ስህተት ፈልፍሎ ያወጣ ይጨበጨብለታል። «ጥያቄ ሲኖርዎት እዚህ ይጠይቁ» የሚለውን ገጽ ያስተካከለ ሰው ግን መኖሩም አይታወቅም። ዛሬ የማመሰግነው እንዲህ ያለችውን ሰው ነው፤ የፕሮጀክታችንን የማኅበረሰብ መገናኛ ሰነድ ከሥር መሠረቱ ያደሰችልንን የቴክኒክ ጸሐፊ። ስሟ በአደባባይ እንዳይወጣ ስለፈለገች ባለሙያዋ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ፕሮጀክታችን በበጎ ፈቃደኞች የሚንቀሳቀስና ዕድሜው የገፋ ነው። እንዲህ ባለ ፕሮጀክት ውስጥ ሰዉ የሚነጋገርበት ቦታ መቀያየሩ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2021 ፍሪኖድ የተባለው የአይአርሲ (የቆየ የጽሑፍ ቻት ዓይነት) አገልግሎት በጎ ፈቃደኛ ሠራተኞች በአስተዳደር ውዝግብ ምክንያት ለቀው ሊበራ ቻት የተባለ ተመሳሳይ አገልግሎት ሲመሠርቱ፣ ኡቡንቱንና ዊኪሚዲያን ጨምሮ ብዙ ፕሮጀክቶች ጓዛቸውን ጠቅልለው ተሻገሩ። እኛም ከተሻገሩት ወገን ነበርን። ሰዎቹ ሲሄዱ ጽሑፉ ግን እዚያው ቀረ። አሮጌው አድራሻ ፕሮግራሙን በሚያስተዋውቀው የሪድሚ ፋይል፣ በድረ ገጹ ግርጌ፣ በስህተት ማሳወቂያ ቅጹ፣ ይባስ ብሎም ፕሮግራሙ ሥራ ሲያቆም በሚያሳየው መልእክት ውስጥ ተጽፎ ይገኝ ነበር። አዲስ ተጠቃሚ ባዶ ክፍል ገብቶ «የሚረዳኝ አለ?» ይላል፤ ነዋሪው የለቀቀውን ቤት እንደሚያንኳኳ እንግዳ ጥቂት ቆይቶ ይመለሳል።

ባለሙያዋ ሥራውን ስትረከብ ወዲያው ለመጻፍ አልተቀመጠችም። በየትም ቦታ የተጻፉትን የመገናኛ አድራሻዎቻችንን ለቅማ ለእያንዳንዳቸው የሙከራ መልእክት ላከች። ከዚያም ማን እንደመለሰ፣ ማን ዝም እንዳለ በሠንጠረዥ አስቀመጠች። አንዳንዶቹ መልእክቶች «ተቀባዩ የለም» ተብለው ተመለሱ። እነዚህ ቀላሎቹ ነበሩ፤ ላኪው ቢያንስ እንዳልደረሰለት ያውቃል። ያስደነገጠን መልእክቱን ተቀብሎ ጭጭ ያለው አድራሻ ነው። የደህንነት ክፍተት ያገኘ ሰው በምሥጢር የሚያሳውቅበት የኢሜይል አድራሻ ከፕሮጀክቱ ከራቀ ሰነባብቶ ወደነበረ አንድ የቀድሞ ተሳታፊ ሣጥን ይተላለፍ ነበር።

እዚህ ላይ ያነሣችው ምሳሌ ሁላችንንም አሳምኗል። እ.ኤ.አ. በማርች 2024 አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለው መሐንዲስ ኤክስዜድ በተባለው የፋይል ማመቂያ ፕሮግራም ውስጥ በስውር የተተከለ የኋላ በር (ሰርጎ ለመግባት የሚያስችል ድብቅ ኮድ) ሲያገኝ በመጀመሪያ የጻፈው ዴቢያን ለተባለው የሊኑክስ ሥርጭት የደህንነት ቡድን፣ ቀጥሎም የሊኑክስ ሥርጭቶች ለሚጋሩት፣ አንድ መልእክት ለአባላቱ ሁሉ ለሚያደርስ ዝግ የኢሜይል ዝርዝር ነበር። ለራሱ ለኤክስዜድ ፕሮጀክት አላሳወቀም፤ የተንኮሉ ምንጭ ከፕሮጀክቱ ውስጥ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ነበርና። ከዚህ ተነሥታ የደህንነት አድራሻ በአንድ ሰው እጅ ብቻ መሆን እንደሌለበት፣ ከፕሮጀክቱ ውጭም ወዴት ማመልከት እንደሚቻል በሰነዱ መጻፍ እንዳለበት ሞገተች። የሥነ ምግባር ቅሬታ መቀበያውንም በተመሳሳይ ዓይን አየችው። ቅሬታው ከተቀባዮቹ በአንደኛው ላይ ከሆነ ለሌላኛው ብቻ የሚጻፍበት መንገድ ተለይቶ ተቀመጠ።

ከጽሑፉ አንድ ቦታ ብቻ ላሳያችሁ። በፊት «ለማንኛውም ጥያቄ በማንኛውም ጊዜ ያግኙን!» የሚል ነበር። አሁን በዚያው ቦታ እንዲህ ተጽፏል፦ «የአጠቃቀም ጥያቄዎን በመወያያ መድረኩ ላይ ይጠይቁ። የሚመልሱልዎ በጎ ፈቃደኞች ስለሆኑ ጥቂት ቀናት ሊወስድ ይችላል። በሳምንት ውስጥ መልስ ካላገኙ ያንኑ ጥያቄ ከሥሩ ጽፈው ያስታውሱን፤ አዲስ አይክፈቱ።» ደረቅ ነው የሚል አስተያየት መጥቶ ነበር። እኔ ግን ሳላፍር ልናገር፣ ከቃለ አጋኖው ይልቅ ትሕትና ያለው ይኸኛው ነው፤ ጠያቂው ምን እንደሚጠብቅ ያውቃል፣ መላሹም በእኩለ ሌሊት አይሳቀቅም።

ብዙ ያከራከረን ግን ውሳኔ የት ይመዝገብ የሚለው ነው። ከተሳታፊዎቻችን የሚበዙት ስላክ በተባለው የቻት መድረክ ላይ ናቸው። ነጻው የስላክ አገልግሎት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ የሚያሳየው ያለፉትን 90 ቀናት መልእክት ብቻ ነው። «ይህ ለምን እንዲህ ሆነ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከዚያ በፊት የተባለውን ሊያገኝ አይችልም። ባለሙያዋ ቻቱን ዝጉ አላለችም። ለፈጣን ምክክር ይሁን፣ ውሳኔ ግን በኢሜይል ዝርዝሩ ላይ ካልሰፈረ እንዳልተወሰነ ይቆጠር የሚል አንቀጽ አረቀቀች። ይህ ብዙ የኦፕን ሶርስ ፕሮጀክቶችን ባቀፈው በአፓቺ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ሥር ባሉ ፕሮጀክቶች ዘንድ የቆየ መርህ ነው። ወጣቶቹ ኢሜይል የሚለውን ሲሰሙ ፊታቸውን አጨፈገጉ፤ ክርክሩ ከረር ብሎ ነበር። በመጨረሻ አንቀጹ ጸደቀ። የሚገርመው ከሁሉ በላይ የተቃወመው ልጅ ዛሬ ውሳኔዎችን አሳጥሮ ወደ ዝርዝሩ የሚልከው እርሱ ነው።

የስብሰባ ሰዓት ነገርም ነበር። ሰዓቱ በአንድ ከተማ አቆጣጠር ብቻ ይጻፍ ነበር። አሜሪካ በማርች ሁለተኛው እሑድ፣ አውሮፓ ደግሞ በመጨረሻው እሑድ ሰዓታቸውን ስለሚያዞሩ በመካከል ባሉት ሳምንታት ግማሹ ሰው አንድ ሰዓት ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ይመጣል። ዓለም አቀፉ የሰዓት መለኪያ ዩቲሲ ተጻፈ፣ እያንዳንዱ ሰው ወደራሱ ካላንደር የሚያስገባው ፋይል ተያያዘ፣ አበቃ።

እኔ ከሁሉ አብልጬ የማደንቀው ዓይን የማይገባውን ሥራ ነው። በተሠራጨ ፕሮግራም ውስጥ የተጻፈ አድራሻ ተመልሶ አይለቀምም፤ አሮጌውን ዕትም የሚጠቀም ሰው አሮጌውን ሊንክ ማየቱን ይቀጥላል። ስለዚህ ባለሙያዋ በየቦታው የስላክና የሊበራ ሊንኮችን ከመደርደር ይልቅ በፕሮጀክታችን የራሱ ድረ ገጽ ላይ አጫጭር ቋሚ አድራሻዎች እንዲከፈቱ አደረገች፤ አንዱ ለቻት፣ አንዱ ለጥያቄ፣ አንዱ ለደህንነት። እነርሱ ተጠቃሚውን ወደ ትክክለኛው ቦታ ያሻግሩታል። ነገ ሌላ ቦታ ብንሄድ፣ ወይም የቻቱ የግብዣ ሊንክ ጊዜው ቢያልፍ፣ የሚለወጠው አንድ መስመር ብቻ ነው። አሮጌውን የመልእክት መዝገብም እንድናጠፋ አልፈቀደችም። የቆዩ የኮድ ማብራሪያዎች ወደዚያ ስለሚጠቁሙ፣ ለንባብ ብቻ ክፍት ሆኖ ከላዩ «ውይይቱ ወደዚህ ተዛውሯል» የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈበት።

ለማን እንደምትስማማም ልናገር። «ማኅበረሰባችን አንድ ቤተሰብ ነው» የሚል ያማረ መግቢያ የሚፈልግ ሌላ ሰው ይፈልግ፤ የእኛን መግቢያ ያለ ርኅራኄ ነው የሰረዘችው። ሰነዱ ሲያልቅ ከግማሽ በታች ሆኖ አጥሯል፤ በገጽ ብዛት ለሚከፍል ሰው ይህ ኪሳራ ሊመስል ይችላል። ከውስጥ ሆኖ ጥያቄዎቿን የሚመልስ አንድ ሰው ካልተመደበላትም ሥራ አትጀምርም። መልስ ሲዘገይባት ደጋግማ ታስታውሳለች፤ ይህን የማይወድ ቡድን ይቸገራል። የእያንዳንዱ አድራሻ ኃላፊ ማን እንደሆነና መቼ እንደተፈተሸ የሚያሳይ ሠንጠረዥም አስረክባን ሄዳለች፤ እያንዳንዱ አዲስ ዕትም ከመውጣቱ በፊት እርሱን እናያለን።

ባለሙያዋን ከልብ አመሰግናታለሁ፤ እጇ ይባረክ። የፕሮጀክታችሁ የመገናኛ ገጽ ከተረሳ የቆየ ካላችሁ በግል መልእክት ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ትንንሽ ቡድኖችንም ታስተናግዳለች። ግን መጀመሪያ የምትጠይቃችሁን ልንገራችሁ፦ የድረ ገጹ፣ የኢሜይሉና የቻቱ አስተዳዳሪ የይለፍ ቃል አሁን በማን እጅ ነው? እርሱን አጣርታችሁ ጠብቋት።