አዲሱ ራም አልነሳ አለ
መርካቶ አንድ ሱቅ ለአሮጌ ላፕቶፔ 8 ጊጋ ራም (ላፕቶፑ ሲሠራ መረጃ ለጊዜው የሚይዝበት ሚሞሪ) ገዛሁ። ልጁ ራሱ ገጠመልኝ፣ ግን ከፍቶ ሳያየው ሸኘኝ። ቤት ስከፍተው ስክሪኑ ጥቁር፣ ጢጥ ጢጥ ብቻ። ቻርጀሩንም ባትሪውንም ነቅዬ ራሙን አወጣሁት፣ ወርቃማውን ጫፍ በላጲስ ቀስ አድርጌ አጸዳሁት፣ ሌላኛው ማስገቢያ ላይም ሞከርኩት፣ ወይ ፍንክች! የድሮውን ስመልሰው ወዲያው ተነሳ። ለካ የኔ ላፕቶፕ የሚቀበለው በ1.35 ቮልት የሚሠራውን፣ ዲዲአር3ኤል የሚባለውን የራም ዓይነት ብቻ ነው፤ የተሸጠልኝ ባለ 1.5 ቮልቱ ዲዲአር3። ቅርጻቸው አንድ ስለሆነ ልክክ ብሎ ይገባል። ላዩ ላይ ዲዲአር3ኤል መሆኑን የሚያሳየው ፒሲ3ኤል የሚል ጽሑፍ መኖሩን ማየት ይበቃ ነበር፣ ሻጭ ይህን ማወቅ አለበት፣ በጣም ነው የተናደድኩት። በማግስቱ ግን ሳያንገራግሩ ቀየሩልኝ፣ በዚህ አመሰግናለሁ። አሁን ላፕቶፑ አሪፍ እየሠራ ነው።