የአባዬን ቮልስ በር ለሠራልኝ የቡሬ ሰው ምስጋና

ሰላም የአገሬ ልጆች። እንዲህ ዓይነት ነገር ጽፌ አላውቅም፣ ዛሬ ግን ካልጻፍኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። አሮጌ መኪና ያላችሁ፣ በተለይ በሩ ቁልቁል እየወረደ አልዘጋ ያላችሁ ሰዎች፣ እባካችሁ አንብቡልኝ። ቡሬ ላይ አንድ ባለሙያ አለ። እሱ ጋ ሂዱ። እንደኔ ገንዘባችሁን በየጋራዡ ከመበተናችሁ በፊት ሂዱ። ዋናው መልእክቴ ይሄው ነው፣ የቀረው ወሬ ነው። ወሬውንም ግን ላውራችሁ፣ ሆዴ ሞልቷል።

መኪናዋ ቮልስ ናት። አባዬ በ1979 ዓ.ም. ከመምህር ጓደኛው ነው የገዛት። እሱም መምህር ነበር። ያኔ ደብረ ማርቆስ ላይ ያቺን ቮልስ የማያውቅ ተማሪ አልነበረም። ከሩቅ ድምፅዋን ሲሰሙ ሲጋራቸውን የሚጥሉ ነበሩ ብለው ዛሬ ትልልቅ ሰዎች ሆነው ያጫውቱኛል። አባዬ በ2011 ካረፈ በኋላ ወንድሞቼ ትሸጥ አሉ። እማዬ ደግሞ እኔ ሳልሞት አትሸጥም አለች። ወንድሞቼ አዲስ አበባ ናቸው፣ እኔ ማርቆስ ነኝ፤ ስለዚህ መንዳቱም ማስጠገኑም እኔ ላይ ወደቀ።

ቮልስ ያለው ሰው ያውቃል፣ በሩ ሁለት ብቻ ነው። ሰፊ ነው፣ ከባድ ነው፣ ኋላ የሚቀመጠውም በዚያው ነው የሚገባው። የእኛዋ ሁለቱም በሮች ወርደው ነበር። ስትከፍቱት ጫፉ ዝቅ ይላል። ስትዘጉት መቀርቀሪያው ከመግቢያው በታች ሄዶ ይላተማል። እኔ በሁለት እጄ ወደ ላይ አንስቼ፣ በዳሌዬ ገፍቼ ነበር የምዘጋው፤ ያውም ሥራ የምሄድበትን ልብስ ለብሼ። ሲዘጋም በላይ በኩል ክፍተት አለው። የሐምሌን ዝናብ ማርቆስ ላይ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ ትከሻዬ ረጥቦ ነው ቢሮ የምገባው።

ስንት ቦታ ወሰድኳት መሰላችሁ። ሦስት ቦታ። ስማቸውን አልጠራም፣ ለነሱም እግዜር ልብ ይስጣቸው። የመጀመሪያው ገና ከመኪናው ሳልወርድ "እህቴ፣ ይሄን ሽጪና ባጃጅ ግዢ" ብሎ ሳቀ። ከዚያ ማጠፊያው መሃል እንጨት ሸጎጠና በሩን በሙሉ ክብደቱ ገፋው። ቀጭ ሲል ሰማሁ። ያ ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ለአንድ ሳምንት በደንብ ተዘጋልኝ። በሳምንቱ ተመልሶ ወረደ፤ ማጠፊያው አጠገብ ያለው ቀለምም ተሰነጣጠቀ። አባዬ በጨርቅ ብቻ የሚያሻሸው ቀለም! ተመልሼ ስጠይቀው "መኪናው አርጅቷል፣ እኔ ምን ላድርግ" አለኝ።

ሁለተኛው 11 ቀን አስቀመጣት። ነገ ነይ፣ ነገ ነይ። በ11ኛው ቀን ያደረገው ነገር ምን መሰላችሁ? በሩን አልነካውም። መቀርቀሪያው የሚገባበትን ብረት ዝቅ አድርጎ አሰረው። በሩ ስለወረደ መግቢያውም ይውረድ ማለት ነው እንግዲህ። 3,500 ብር ተቀበለኝ። እኔም ሞኝ፣ አመስግኜ ነው የወጣሁት። ወር ሳይሞላው በሩ ከዚያም በታች ወረደ። ሦስተኛውን አላወራውም፣ ደሜ ይፈላል። ብየዳ ነበረበት፣ እሱን ብቻ ልበላችሁ።

ከዚያ በኋላ ተስፋ ቆረጥኩ። የእማዬን በር በገመድ ከወንበሩ ጋር እያሰርን መሄድ ጀመርን። እውነቴን ነው፣ በገመድ። ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሰው ቆሞ ሲያየን ገመድ እየፈታሁ እናቴን አወርዳለሁ። እሷ ምንም አይመስላት፣ እኔ ነኝ የማፍረው።

የዛሬ ሁለት ወር ገደማ እማዬ ለዓመቱ በርበሬ የምገዛው ቡሬ ነው ብላ ድርቅ አለች። ማርቆስ በርበሬ የጠፋ ይመስል! የቡሬ በርበሬ ግን የቡሬ በርበሬ ነው፣ እዚህ ላይ አልከራከራትም። ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ደምበጫን አልፈን መንገዱ ወደ ግራ ሲታጠፍ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ገባ፣ ገመዱ ተበጠሰ፣ በሩ ብው ብሎ ተከፈተ። እናቴ ወደ ውጭ ስታዘነብል ነጠላዋን ጨምድጄ ያዝኩ። እግዚአብሔር ይመስገን ቀስ ብዬ ነበር የምነዳው። ቆሜ አለቀስኩ። እሷ "ምን ያስለቅስሻል፣ ይልቅ ዝጊው" አለችኝ።

ቡሬ ደርሰን በርበሬውን ስናስጭን (ቮልስ ዕቃ የሚጫንባት ፊት ለፊት ነው፣ ሞተሩ ኋላ ነው፤ የማያውቅ ልጅ ሁሉ ከቦን ይስቃል) ነጋዴው በሩን እንዴት እንደምዘጋ አየ። "ይሄንማ የሚሠራ አለ" አለና ልጁን ከኛ ጋር ላከው።

ሰውዬው ትልቅ ሰው ነው፣ ወደ 60 ይሆነዋል። ግቢው ውስጥ አንድ ዛፍ፣ አንድ ጠረጴዛና የተበታተነ ላንድሮቨር አለ። ምንም ምልክት የለውም። እኔ ቀድሜ ተናደድኩ፣ ደግሞ ሌላ አለ ብዬ። እሱ ግን መዶሻ አላነሳም። በሩን ግማሽ ከፈተና ጫፉን በሁለት መዳፉ ከሥር ደግፎ ቀስ አድርጎ አነሳው። ዝቅ አደረገው። ደግሞ አነሳው። ከዚያ "ነይ ልጄ፣ አንቺ አንሺው፣ እኔ ልያዝልሽ" አለኝ። ጣቴን ወስዶ ላይኛው ማጠፊያ ላይ አስቀመጠው። በሩ ከፍ ሲል የሆነ ነገር ውስጡ ቁልክ ይላል። "ተሰማሽ? በሩ ምንም አልሆነም። የመኪናው አካልም ደህና ነው። ያለቀው ፒኑ፣ በሩ የሚዞርበት ዘንግ ነው።"

አንድ ደቂቃ አልፈጀም። በስምንት ወር፣ በሦስት ጋራዥ፣ አንድም ሰው በሩን ከሥር ያነሳ አልነበረም። አንድም ሰው ለኔ ያስረዳ አልነበረም። እዚያው እንደቆምኩ ልስመው ምንም አልቀረኝም።

ፒኑን ለማውጣት ግማሽ ቀን ታገለ፣ ዝጎ ተጣብቋል። ሲወጣ አሳየኝ። መሃሉ ተበልቶ እንዳለቀ ሳሙና ሰርጉዷል። "ዘይት አጥቶ ነው" አለ። ይሄን ጊዜ እማዬ ከተቀመጠችበት "ላባው!" ብላ ጮኸች። ሁላችንም ዞር አልን። ለካ አባዬ በየበዓሉ ዶሮ ሲታረድ አንድ ላባ ይደብቅ የነበረው ለዚህ ነው። የሞተር ዘይት ውስጥ እየነከረ ማጠፊያዎቹን ይቀባ ነበር። እኔ ልጅ ሆኜ የሚጫወት ነበር የሚመስለኝ። እሱ ካረፈ ወዲህ ማንም ጠብታ ዘይት አላደረገበትም። ሰውዬው ሰምቶ ዝም አለ፣ ከዚያ "ጎበዝ ሰው ነበሩ" አለ። ይሄን ከማላውቀው ሰው አፍ መስማቴ ምን እንዳደረገኝ መጻፍ አልችልም።

ቀሪውን እኔ አላውቀውም። ቶርኖ ቤት ሄዶ ትንሽ ወፈር ያለ ፒን አስቀረፀ፣ ቀዳዳውንም ለሱ በልክ አስተካከለ፤ ሌላም ሌላም ነገረኝ፣ አልገባኝም። እኛ አክስቴ ቤት አደርን።

በማግሥቱ ስንመጣ ሁለቱም በሮች ተገጥመዋል። ያ ዝቅ ተደርጎ የታሰረው ብረትም ወደ ቦታው ተመልሷል። "እመይቴ፣ ይሞክሩት" አላት። እማዬ እንደለመደችው ልትወረውረው ስትል "ቆይ፣ በሁለት ጣት" አላት። መስኮቱን ትንሽ ዝቅ አደረገላት፣ ቮልስ አየሩ መውጫ ካላገኘ በሩን ይገፋል አለ። በሁለት ጣት ገፋችው። ጠቅ። ተዘጋ። ከፈተችው፣ ዘጋችው፣ ከፈተችው። እንደ ሕፃን ልጅ።

አሁን ልነግራችሁ የፈለግኩት ዋናው ነገር መጣ። እማዬ ጉልበቷን ያማታል። ስትወርድ በሩን ተደግፋ ነው የምትነሳው፣ ክብደቷን ሁሉ ጥላበት። ሰውዬው ይሄን አይቷል። እኔ ዓመት ሙሉ አብሬያት እየሄድኩ አላየሁትም፣ እሱ ግን የመጀመሪያው ቀን ስትወርድ አይቷል። በሩን የሚያወርደው አንዱ ይሄ መደገፏ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን "እናትሽን በሩ ላይ አትደገፊ በያት" ብሎ ይቆጣኝ ነበር። እሱ ግን ማታ ቁጭ ብሎ ጠንካራ ጠፍር ቆርጦ፣ እጥፍ አድርጎ ሰፍቶ፣ ከበሩ ኋላ ባለው ምሰሶ ላይ አስሮላታል። ፊት ለፊት ያለውን የላላ እጀታም አጥብቆታል። "እመይቴ፣ አንዱን እጅዎን እዚህ፣ አንዱን እዚያ ያድርጉና ይነሱ፣ በሩን ይተዉት፣ እሱም እንደኛ አርጅቷል" አላት። ሳቀች። ተነሳች። ያለ እኔ እርዳታ ወረደች። ለሱ ሥራ አምስት ሳንቲም አላስከፈለኝም።

የሁለቱ በር ሥራ፣ የቶርኖውን ጨምሮ፣ 2,400 ብር። አንድ በር ሳይነካ 3,500 የበላኝ ሰው ይሄን ቢያነብ ደስ ይለኛል።

ይኸው ሁለት ወር ሆነ። ማርቆስን ስንት ጊዜ ዞርንባት፣ ደጀን ድረስም ሄደን መጥተናል፣ በሩ ንቅንቅ አላለም። ዝናብም ገባ፣ ትከሻዬ ደረቅ ነው። ቮልስ ይሁን፣ ዲኤክስ ይሁን፣ ፔጆ ይሁን፣ በራችሁ ከወረደ መጀመሪያ ራሳችሁ ከሥር አንሱትና እዩት። ቁልክ ካለ ማንም በእንጨት እንዲገፋላችሁ አትፍቀዱ፣ እለምናችኋለሁ። ወደ ቡሬ ውሰዱት። ሩቅ ነው አትበሉ፣ እኔ ሦስት ቅርብ ቦታ ሄጄ ያተረፍኩት ገመድ ነው።

ስሙንና ስልኩን በአደባባይ እንዳላወጣ ለምኖኛል፣ ብቻዬን ነው የምሠራው፣ ሰው ከበዛ ሥራው ይበላሻል አለ። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሱን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። በዚህ ሳምንት ከማርቆስ ወደ ቡሬ የሚሄድ ሰው ካለም ይንገረኝ። እማዬ ከዚያው በርበሬ ድልህ ሠርታለታለች፣ ብልቃጡ በር ሥር ተቀምጦ መንገደኛ እየጠበቀ ነው።