ታይሚንግ ቺንጋ እየደጋገመ ለሚያስቸግረው፦ ጠባሴ ያለው ጋራዥ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ታይሚንግ ቺንጋ (የሞተሩን ጥርሳም የጎማ ቀበቶ) በደንብ የሚሠራ ማነው ለምትሉኝ መልሴ አንድ ነው። ጠባሴ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ ያለው ሰማያዊ በር። የተለጠፈ ስም የለውም፣ ባጃጅ ነጂ ብትጠይቁ ያሳያችኋል። ጉድለት አለው፣ እሱንም እጽፋለሁ። ግን ሌላው ሁሉ ቀይሮ ቀይሮ ያቃተውን ነገር ከነምክንያቱ ያገኙልኝ እነሱ ናቸው።

መኪናዬ ፋይቭ ኤል የሚባል የናፍጣ ሞተር ያለው አሮጌ ቶዮታ ሃይሉክስ ነው። ወተት እሰበስብበታለሁ። ሳይነጋ ይነሳል፣ በከተማው ዙሪያ በየገበሬው ደጅ ይቆማል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይነሳል። ሞተሩ በቅጡ ሳይሞቅ የጠዋቱ ሥራ ያልቃል። ይቺን ነገር ያዙልኝ።

ችግሩ ቺንጋው ዕድሜውን አለመጨረሱ ነው። የዚህ ሞተር ቺንጋ በ100,000 ኪሎ ሜትር የሚቀየር ነው፣ ሲደርስ የሚያስታውስ «ቲ ቤልት» የሚል መብራትም ዳሽቦርዱ ላይ አለ። የኔ ግን መብራቱ ገና ሩቅ ሆኖ ሳለ ያበቃለታል። አንዴ ጥርሱ ይረግፋል፣ አንዴ አንድ ጥርስ ይዘልና መኪናው ጠዋት አልነሳም ይላል፣ ከተነሳም ጭሱ አያድርስ ነው። በየጋራዡ የተሰጠኝ መልስ «ዕቃው ቻይና ስለሆነ ነው፣ ኦሪጅናል ግዢ» ነበር። ከአዲስ አበባው የመኪና ዕቃ ገበያ፣ ከሶማሌ ተራ፣ ኦሪጅናል የተባለውን አስመጣሁ። እሱም ያው ሆነ። አንዱ ጭራሽ «አነዳድሽ ነው» አለኝ። ሴት ባልሆን ኖሮ ይሄን እንደማይለኝ እርግጠኛ ነኝ።

ለማያውቅ ሰው፣ ታይሚንግ ቺንጋ ማለት ከታች ያለውን፣ ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ክራንክ ሻፍት ከላይ ካለው፣ ቫልቮቹን ከሚከፍተው ካምሻፍት ጋር የሚያያይዝ ጥርስ ያለው የጎማ ቀበቶ ነው። ክራንኩ ሁለት ጊዜ ሲዞር ካሙ አንድ ጊዜ ይዞራል፣ አንድ ጥርስ እንኳ መዛነፍ የለበትም። ፋይቭ ኤል ላይ የናፍጣውን ፖምፓ የሚያዞረውም እሱው ስለሆነ፣ ከተዛነፈ ናፍጣው የሚረጭበት ሰዓትም አብሮ ይዛነፋል። ጨርሶ ከተበጠሰ ደግሞ ፒስተኑ ሽቅብ ሲመጣ ክፍት የቀረውን ቫልቭ ይመታዋል። ቫልቭ ይጣመማል፣ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ራስ) ይወርዳል፣ ኪስ ይራቆታል። ይሄ እንግዲህ ከተማ ውስጥ ከሆነ ነው። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል እየወረዱ ሞተር ሲጠፋ መሪው ይከብዳል፣ ፍሬኑም ጥቂት ከተረገጠ በኋላ ይደርቃል። ስለዚህ ነገሩን «ጎማ ናት፣ ሲበጠስ ይቀየራል» ብሎ ማለፍ አይሆንልኝም።

ሰማያዊው በር ጋ ዋናው መካኒክ ሁሉም «ጋሼ» የሚላቸው ትልቅ ሰው ናቸው። መኪናውን ማታ አሳደሩት፣ ጠዋት በብርዱ ራሳቸው አስነሱት። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፈቱና መዳፋቸውን አፉ ላይ አደረጉ። ትንሽ ቆዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ምንም ሳይሉ አጠፉት። ከዚያ ፈታችሁ አምጡልኝ አሉ።

አሮጌውን ቺንጋ ሌላ ቦታ ፈትተው ጥግ ላይ ይወረውሩታል። እሳቸው ጋዜጣ አንጥፈው ብርሃን ላይ ዘረጉት። «ነይ ልጄ፣ እዪው» አሉኝ። ጠርዙ ተተልትሎ ቢሆን ቺንጋው የሚዞርባቸው ጥርሳም መዘውሮች አልተስተካከሉም፣ አንዱ ተንጋዷል ማለት ነው። ጎማው ጤነኛ ሆኖ ጥርሱ ብቻ ተቆርጦ ቢሆን አንድ ቦታ ላይ የሚይዝ ነገር አለ። ጀርባው ተሰነጣጥቆ ቢያብረቀርቅ ሙቀት ወይም ዕድሜ ነው። የኔው አብጦ፣ ለስልሶ፣ ጥርሱ በጥፍር ሲነካ ይላቀቃል። አሸተትኩት፣ የሞተር ዘይት ይሸታል። «ይሄ አርጅቶ አይደለም፣ ዘይት በልቶት ነው» አሉ።

እሺ፣ ዘይቱ ከየት መጣ? ከክራንኩ ፊት ካለው ኦይል ሲል፣ ዘይት እንዳይወጣ ከሚያግደው ቀለበት። ግን ኦይል ሲሉ ባለፈው አብሮ ተቀይሮ ነበር! ሌላ ጋራዥ ቢሆን «ኦይል ሲሉም ቻይና ነው» ብሎ ሌላ ያስገዛኝ ነበር። እሳቸው ጠዋት ዝም ብለው ወዳለፉት ነገር ተመለሱ። በዘይት መሙያው በኩል የሚወጣው ትንፋሽ ከመጠን በላይ ነው አሉ። ማንኛውም ናፍጣ ሞተር ትንሽ ይተነፍሳል፣ ያንን የሚያስወጣ ከላይኛው ክዳን ወደ አየር መሳቢያው የሚሄድ ቱቦ አለው። ቱቦው ከተዘጋ ሞተሩ እንደተከደነ ድስት ነው፣ ግፊቱ መውጫ ይፈልጋል። ያገኘው መውጫ ኦይል ሲሉ ነበር። ቱቦውን ነቅለው ሽቦ ሲሰዱበት ነጣ ያለ ቡናማ ዝቃጭ እየተጎተተ ወጣ። እጄ ላይ አደረጉልኝ፣ ቅባቱ ውስጥ ውሃ ነበረበት።

እዚህ ላይ ነው የኔ የጠዋት ሥራ የሚመጣው። ነዳጅ ሲቃጠል እንፋሎት አለ፣ ከዚያም ጥቂቱ በፒስተኑ ዳር አልፎ ወደ ዘይቱ ይገባል። ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ ተንኖ ይሄዳል። የማይሞቅ ሞተር ውስጥ ግን ይጠራቀማል፣ ከዘይት ጋር ይቦካል፣ ቱቦ ይደፍናል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ናት፣ የኅዳርና የታኅሣሥ አመዳይ ደግሞ አይነገርም። ይባስ ብሎ ቴርሞስታቱ፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚያግደው፣ የለም! እንዳይግል ተብሎ አንድ ጊዜ አውጥተው ጥለውታል። ይሄ በብዙ መኪና ላይ የሚደረግ ነገር ነው፣ «ቴርሞስታት ለኛ አገር አይሆንም» የሚል መካኒክ ሞልቷል። ቆላው ሸዋ ሮቢት ለሚውል መኪና እንኳ አይመከርም፣ እዚህ ብርድ ላይ ሲሆንማ ሞተሩን ቀኑን ሙሉ ማስበረድ ነው።

ቱቦው ተቀየረ፣ ቴርሞስታት ገባ፣ የክራንኩም የካሙም ኦይል ሲል ተቀየረ፣ መዘውሮቹ ዘይት እስከማይቀርባቸው ታጠቡ። ቺንጋውን ወጥሮ የሚይዘውን ቴንሽነሩንም አልተውትም። ኩሽኔታውን ጆሮዬ አጠገብ በጣታቸው አሽከረከሩት፣ አሮጌው ይንኮሻኮሻል፣ አዲሱ ዝም ይላል። ሌሎቹ ወጪ ለመቀነስ እያሉ አዲስ ቺንጋ በአሮጌ ቴንሽነር ላይ ሲያስሩ ነው የከረሙት። አዲሱ ከታሰረ በኋላ ሞተሩን በቁልፍ ሳይሆን በእጅ ሁለት ዙር አዞሩት፣ የመዘውሮቹ ምልክቶች መግጠማቸውን ረዳታቸው ልጅ በባትሪ እያየ ጮክ ብሎ እንዲናገር አደረጉ። ከዚያ ደግመው አዞሩ። የተቀየረበትን ኪሎ ሜትር ኮፈኑ ውስጥ ጽፈው ለጠፉልኝ።

አሁን ጉድለታቸው። ቀርፋፋ ናቸው። ዕቃ ከአዲስ አበባ ነው የሚያስመጡት፣ 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ግን የሚጠበቀው ከዚያ በላይ ነው። ስልክ አያነሱም። መቀመጫ የለም፣ ነፋሱ ግቢው ውስጥ ይገባል፣ ጋቢ ይዛችሁ ሂዱ። የእጅ ዋጋቸው ከሌላው ከፍ ይላል፣ ሆኖም ሳይጀምሩ ነው የሚናገሩት፣ በኋላም አልጨመሩብኝም። የከፋኝ አንድ ነገር፣ የቺንጋውን መሸፈኛ አንድ ቡሎን ሳያስሩ ሰጡኝ፣ አቧራ ሊገባበት ነበር። ስመለስ ይቅርታ ጠይቀው በነፃ አሰሩልኝ፣ ቢሆንም ከእነሱ አልጠበቅኩም።

ከዚያ ወዲህ ክረምቱ አልፏል። በቅርቡ ዘይት ልቀይር ስሄድ መሸፈኛውን አስከፍቼ አየሁት። ቺንጋው ደረቅ ነው፣ ምንም አይሸትም። ጭሱም ጠፍቷል፣ ጠዋት በአንዴ ይነሳል። ለቱቦው ግን ዘይት በተቀየረ ቁጥር እንዲታይ ነግረውኛል፣ ሥራዬ ያው ስለሆነ።

ከመሐል ሜዳም ሆነ ከአንኮበር የምትመጡ፣ በዋዜማው ገብታችሁ መኪናውን እዚያው አሳድሩት። ቀዝቅዞ ሲነሳ ካልሰሙት አይፈቱትም። ተበጥሶ ከሆነ ደግሞ አሮጌውን ቺንጋ እንዳትጥሉ፣ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።