የኒያንደርታል ሙጫ፦ ከድንጋይ ተፍቆ ወይስ መሬት ውስጥ በስሎ?

ኒያንደርታሎች፣ ማለትም ዛሬ የጠፉት የጥንት የሰው ዘመዶች፣ ባልጩት ጠርበው ብቻ አላቆሙም። ስለቱን ከእጀታው ጋር የሚያጣብቁበት ጥቁር ሙጫም ነበራቸው። የሚወጣው በርች ከሚባል የቀዝቃዛ አገር ዛፍ ቅርፊት ነው፤ ያለ እሳት አይገኝም። ጣልያን ውስጥ ካምፒቴሎ የተገኘው 200,000 ዓመት ገደማ ይሆነዋል።

ግን እንዴት ሠሩት?

አንዱ መንገድ ቀላል ነው። ቅርፊቱን ላዩ ለስላሳ የሆነ ድንጋይ አጠገብ ታነደዋለህ። ጭሱ ድንጋዩ ላይ ጠቁሮ ይጣበቃል፤ ትፍቀዋለህ። በቃ። በ2019 ተመራማሪዎች ሞክረውት ሠርቷል።

ሁለተኛው ግን ሌላ ነገር ነው። ቅርፊቱ መሬት ውስጥ ይቀበራል፤ እሳቱ ከላይ ይነዳል። ቅርፊቱ አየር ስለማያገኝ አይቃጠልም፤ ሙጫው ቀስ እያለ ይወጣል። ከሰል አፈር ለብሶ ሲከስል ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ችግሩ፣ ውስጡ አይታይም። እሳቱ ከበዛ ሙጫው ይበላሻል፤ ካነሰ አይወጣም። ይህ አስቀድሞ ማሰብና ከሰው መማር ይጠይቃል።

እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፤ ቢያንስ ጀርመን ውስጥ ኮኒግሳወ ለተገኙት ሁለት ቁራጮች። በ2023 የታተመው ምርመራ የኬሚካል ይዘታቸው ከመሬት ውስጥ አሠራር ጋር እንደሚገጥም አሳይቷል። አንደኛው ቁራጭ ላይ የጣት አሻራ አለ።